ጀርባው ባዶ የሆነው የዳርዊን ሜዳሊያ፦ ስለ አልፎንስ ለግሮ የነሐስ ሥራ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ክብ የነሐስ ሜዳሊያ ገዝተዋል። ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ፊቱ ላይ ረጅም ጢም ያላቸው ሽማግሌ በጎን ይታያሉ፤ የቻርልስ ዳርዊን ስምና የአርቲስቱ የአልፎንስ ለግሮ ፊርማ አለበት። ጀርባው ግን ባዶ ነው፤ ጠርዙም ላይ ምንም ምልክት የለም። ሳንቲም የሚሰበስብ ወዳጅዎ «ጀርባና ማኅተም የሌለው ሜዳሊያ ወይ ያላለቀ ነው፣ ወይ የውሸት ነው» ብሎዎታል። እርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚኖሩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ላስተማሩት አባትዎ በስጦታ ሊወስዱት አስበዋል። ከዚያ በፊት ግን እውነተኛ መሆኑንና ጥቁረቱን አስለቅቀው ማብራት እንደሚገባዎ ማወቅ ፈልገዋል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አንዴ ከተሳሳቱ የማይመለሰው እሱ ነውና። እባክዎ አያጥቡት፣ አይፈትጉት፣ ከሱቅ የሚሸጥ የብረት ማጽጃም አያስነኩት። ነሐስ በሎሚና በአመድ ተፈትጎ ሲያበራ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ምክር እንደ ስንፍና ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን ከታች በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እስከዚያው ሜዳሊያው ባለበት ይቆይ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመጣ፣ በእጄ ሳልይዘው እውነተኛ ነው ብዬ ልፈርም አልችልም። ይህን ግን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ፦ ወዳጅዎ የጠቀሳቸው ሁለት ምክንያቶች የውሸት ምልክት አይደሉም። በዚህ አርቲስት ሥራ ላይ ባዶ ጀርባና ንጹሕ ጠርዝ የሚጠበቁ ናቸው።

ወዳጅዎ የሚያውቀው የሳንቲምን ዓለም ነው፤ ለዚያ ዓለም የተናገረው ልክ ነው። ሳንቲም የሚሠራው በመምታት ነው። ሥዕሉ ተገልብጦ በጠንካራ ብረት ላይ ይቀረጻል፤ ሁለት ማኅተሞች ከላይና ከታች ሆነው በመካከላቸው የገባውን ጠፍጣፋ ብረት በከባድ ግፊት ይጫኑታል። ፊትና ጀርባው በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ጠርዙ እኩል ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። የዳግማዊ ምኒልክን ብር ያገላበጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ማምረቻ ቤት ተመትቶ የመጣ ነውና። በዚያው ቤት የተመቱ የመታሰቢያ ሜዳሊያዎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ምልክት ይታተምባቸዋል፦ ከ1860 እስከ 1880 ንብ፣ ከ1880 ወዲህ ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ ከጎኑም የብረቱ ዓይነት በፈረንሳይኛ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ብዙ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ምልክቱ የሚናገረው ሜዳሊያው የተነደፈበትን ሳይሆን የተመታበትን ዘመን ነው። በ1850 የተነደፈ ሜዳሊያ በ1890 እንደገና ከተመታ የሚይዘው ቀንዱን ነው።

ወዳጅዎ የፈለገው ይህን ምልክት ይመስለኛል። የእርስዎ ሜዳሊያ ግን ከዚያ ቤት የሚጠበቅ አይደለም። እንዲያውም ቀንዱ ታትሞበት ቢሆን ኖሮ እኔ ይበልጥ እጠራጠር ነበር።

ለግሮ የሠራው ነሐስ አቅልጦ በማፍሰስ ነው። በዚህ መንገድ አርቲስቱ በጣቱና በትንሽ መሣሪያ ፊቱን ሰም ላይ ያወጣዋል፤ ሰሙ በጄሶ ይገለበጣል፤ ከጄሶው በደቃቅ አሸዋ ሞልድ ይዘጋጅና የቀለጠው ነሐስ ይፈስበታል። ሰሙ ራሱ ከሞልዱ ውስጥ ቀልጦ የሚወጣበት ዘዴም አለ፤ የእኛ አገር አንጥረኞች የቤተ ክርስቲያን መስቀሎችን ሲሠሩበት የኖሩት እሱ ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሚወጣው ሥራ ሰው የዳሰሰው ይመስላል። በመልኩ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳ ጥቂት ይወጣል፣ ይገባል፤ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ፊደል አይደረደርም፤ ጠርዙ በሞረድ የተስተካከለ ነው። ጀርባውም ባዶ ቢቀር የጎደለ ነገር የለም፤ አርቲስቱ የሚለውን ፊት ለፊት ብሎ ጨርሷል። የለግሮ የቁም ሜዳሊያዎች በርካታዎቹ እንዲህ ባለ አንድ ፊት ናቸው።

እሱ በኖረበት ዘመን ይህ ያልተለመደ ምርጫ ነበር። ፓሪስ ውስጥ እንደ ኦስካር ሮቲና እንደ ዡል ክሌማን ሻፕላ ያሉ ታላላቅ የሜዳሊያ ሠሪዎች ትልቅ ሞዴል ሠርተው፣ በመቀነሻ ማሽን ወደ ትንሽ የብረት ማኅተም አውርደው ያስመቱ ነበር። ሥራቸው እጅግ የተዋጣ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለግሮ ግን አራት መቶ ዓመት ከሚያክል ዘመን በስተኋላ ወደ ነበረው ወደ ፒሳኔሎ ተመለሰ። ፒሳኔሎ ጣሊያናዊ ሰዓሊ ነበር። በ1438 የቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓላዮሎጎስ ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጉባኤ ወደ ፌራራ በመጣ ጊዜ ፊቱን በሜዳሊያ ቀረጸው፤ የህዳሴው ዘመን የሰው መልክ ሜዳሊያ ታሪክም ከዚያ ይጀመራል። (ያ ጉባኤ በኋላ ወደ ፍሎረንስ ተዛውሯል፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ የኢትዮጵያ መነኮሳት የተገኙበት ጉባኤ ነው።) ፒሳኔሎ ሜዳሊያዎቹ ላይ የሚፈርመው በላቲን «የሰዓሊው ፒሳኖ ሥራ» እያለ ነበር። አንጥረኛ ነኝ፣ ቀራጭ ነኝ አላለም፤ ነሐሱ ላይ ሳይቀር ሰዓሊነቱን ጻፈ። ለግሮም ወደዚህ ሥራ የገባው ከሥዕል ነው፤ የዳርዊንን መልክ ሲያዩ ይህን ቢያስቡ ብዙ ነገር ይገለጥልዎታል።

ለግሮ በ1837 በፈረንሳይ ዲዦን ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤት ከሚያስጌጥ ቀለም ቀቢ ዘንድ ለሙያ ገባ። ፓሪስ ከደረሰ በኋላ የተማረው ከሆራስ ለኮክ ደ ቧቦድራን ነው። እኚህ መምህር ተማሪው ያየውን ነገር ከፊቱ ሲወሰድ በትዝታ እንዲስል ያለማምዱ ነበር፤ ታዋቂው ቀራጭ ሮዳንም የእሳቸው ተማሪ ነው። ለግሮ ከሰዓሊዎቹ ከዊስለርና ከፋንታ ላቱር ጋር የሦስት ጓደኛሞች ማኅበር አቋቋመ፣ በ1863 ደግሞ ወደ ለንደን ተሻገረና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንግሊዝ ኖረ። የሞተው በ1911 ነው።

ሻጩ ሜዳሊያውን «የኢምፕሬሽኒስት ሥራ» (የቅጽበትን ብርሃን በልቅ ቀለም ይስሉ ከነበሩት የፈረንሳይ ሰዓሊዎች ወገን) ብሎ እንደሸጠልዎ ጽፈዋል። አባባሉ ከእውነት የተነሣ ነው፤ ግን እንዳያሳስትዎ። ለግሮ የሰዓሊው የኤድጋር ደጋ ወዳጅ ነበር፤ በ1876 ፓሪስ ውስጥ በዱራን ሩኤል ጋለሪ በተከፈተው ሁለተኛው የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽንም ሥራዎቹን አሳይቷል። በአሠራሩ ግን ከሞኔና ከፒሳሮ መንገድ ሩቅ ነው። የሚያከብራቸው ሆልባይንንና ሬምብራንትን ነበር፤ የሚስላቸው በጸሎት ላይ ያሉ ገበሬዎችን፣ መነኮሳትን፣ ለማኞችን ነው፤ ቀለሙ የረጋ፣ መስመሩ ጥብቅ ነው። ይህን የምለው የሜዳሊያውን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ለግሮን የኢምፕሬሽኒዝም ቅጥያ አድርጎ መሸጥ እሱን ራሱን መደበቅ ነው፤ ሥዕልን፣ የመዳብ ህትመትን፣ ቅርጽንና ሜዳሊያን በአንድ እጅ የያዘ ሰው በዚያ ዘመን እንኳ ብዙ አልነበረም።

ከ1876 እስከ 1892 ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ነበር። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር የሚያስተምረው በማሳየት ነው፦ ተማሪዎቹ ከብበው ቆመው ሲያዩ የአንድን ሰው ፊት በአንድ ቁጭታ ስሎ ይጨርሳል። ሮዳን በ1881 ለንደን በመጣ ጊዜ ከሰዎች ያስተዋወቀውና በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ መጫርን ያስተማረው ለግሮ ነው፤ ሮዳንም የለግሮን ፊት በነሐስ ሠራ። ለግሮ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሜዳሊያ ሥራ ሲጠመድ ተማሪዎቹን ይዞ ገባ። ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ማሪያ ዛምባኮና ኤሊኖር ሃሌ የዚህ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው። ለትልቅ ሐውልት የሚሆን ስቱዲዮና ገንዘብ ለሴት ቀራጭ በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ ሜዳሊያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ ግን ሙሉ የቅርጽ ጥበብ የሚጠይቅ ሥራ ሆነላቸው። ለእኔ ከለግሮ ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በኤግዚቢሽኖች ላይ ግን በጨረፍታ ብቻ ሲነሣ አያለሁ።

የዳርዊን ሜዳሊያ የተሠራው በዚያ መጀመሪያ ጊዜ፣ በ1881 ነው። ከዚያው ክበብ ገጣሚውን ቴኒሰንን፣ ጸሐፊውን ካርላይልንና ፈላስፋውን ጆን ስቱዋርት ሚልን የመሳሰሉ የዘመኑን ታላላቆች በነሐስ አውጥቷል። መንግሥት ወይም ማኅበር ለአንድ በዓል ያሳተመው አይደለም፤ አርቲስቱ ለሚያከብራቸው ሰዎች ያቆመው መታሰቢያ ነው። ዳርዊን ያኔ የ72 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ስለ ምድር ትሎች ያጠኑትን መጽሐፍ አሳተሙ፣ በሚያዝያ 1882 አረፉ። ስለዚህ ሜዳሊያው ሰውየው በሕይወት ሳሉ የተሠራ ነው፤ አባትዎ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ እጅዎ እንመለስ። ፈስሶ የተሠራ ሜዳሊያ ላይ «እውነተኛ» የምንለው ደረጃ አለው። አርቲስቱ በሕይወት ሳለ ከራሱ ሞዴል የፈሰሰ አለ። ከዚያው ሞዴል በኋላ ዘመን የፈሰሰ አለ። ደግሞም አንድ ሰው የተጠናቀቀውን ሜዳሊያ ወስዶ፣ እሱን ራሱን ሞዴል አድርጎ፣ ሌላ ያፈሰሰበት አለ። ይህ ሦስተኛው ቅጂ የሚባለው ነው፤ የሚጋለጠውም በልኩ ነው። የቀለጠ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1 ተኩል እስከ 2 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ከሜዳሊያ ላይ የተወሰደ ቅጂ ስለዚህ ከምንጩ ያንሳል፤ በ11 ሴንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ካሊፐር (በሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ) ይዘው ሲለኩ ግን በጠርዙ ብቻ አይመኑ፤ ጠርዝ በሞረድ ስለሚበላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ማጅራት፣ ከአንድ ፊደል ጥግ እስከ ሌላ ፊደል ጥግ ይለኩ፤ እነዚያ በሞረድ አይነኩም። ከዚያ ብሪቲሽ ሙዚየም ጽፈው ከዚሁ ሜዳሊያ ጋር ለማመሳከር ይጠይቁ፤ የለግሮ ሜዳሊያዎች እዚያ አሉ፤ የሳንቲምና የሜዳሊያ ክፍሉም የሰዎችን ዕቃ አይቶ አስተያየት ይሰጣል፤ ዋጋ ግን አይገምትም።

ልኩን ከለኩ በኋላ የጢሙንና የዓይኑን አካባቢ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ከሞዴሉ በቀጥታ የወጣ ሥራ የመሣሪያው ጭረትና የጣቱ ግፊት ጥርት ብሎ ይታይበታል። ቅጂ ላይ እነዚህ ነገሮች ይደበዝዛሉ፤ የፊደሎቹ ጥግ ሳሙና እንደ መሰለ ክብ ይላል፤ ጥልቅ ቦታዎች ውስጥም በአሸዋው ወይም በአየሩ ምክንያት የወጡ ጥቃቅን አረፋ መሰል እብጠቶች ይቀራሉ። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻውን ግን አያስደንግጥዎ፤ በጥሩ ሥራም ላይ ይገኛል።

ጠርዙን ዞረው ሲያዩ ሁለት ቀጭን ነገሮች የተጣበቁበት የሚመስል መስመር ካገኙ፣ ዕቃው በኤሌክትሪክ መዳብ የተለበጠ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሙዚየሞች ራሳቸው በዚህ መንገድ ለማሳያ ያስቀዱ ነበር፤ ስስ የመዳብ ቅርፊት ይሠሩና ጀርባውን እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት ይሞሉታል። ይህ ለማታለል የተሠራ አይደለም፤ የፊቱ ጥራትም ከነሐሱ እኩል ነው፤ ጀርባው ግን ግራጫና ለስላሳ ነው፣ ጥፍር ሊጭረው ይችላል። ከሁሉ የሚረክሰው ከሬዚን (ከሚደርቅ ሰው ሠራሽ ሙጫ) እና ከነሐስ ዱቄት ተቀላቅሎ የተሠራው የዘመናችን ማስጌጫ ነው። እሱን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሲነሣ ቀላል ነው፣ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት የብረት ቅዝቃዜ የለውም።

ስለ ጥቁረቱ ቃል በገባሁት መሠረት ልናገር። ቆሻሻ የመሰለዎ ያ ቡናማ ጥቁር ሽፋን ፓቲና ይባላል፤ አብዛኛውም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሜዳሊያው ከሞልድ ሲወጣ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል፤ በዚያ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ዓይን ጉንጩንና ግንባሩን አይለይም። ስለዚህ በሙቀትና በኬሚካል ቀለሙን ያጨልሙታል፤ ያኔ ከፍ ያለው ቦታ ጥቂት ይበራል፣ ዝቅ ያለው ይጠቁራል፣ ፊቱም ፊት ይሆናል። ለሰዓሊ ይህ ማለት ጥላና ብርሃን ነው። ሎሚ አሲድ ነው፤ አመድ ደግሞ ይፈትጋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አርቲስቱ ያዘጋጀው ሽፋን በደቂቃዎች ይለቃል፣ ከሽፋኑም ጋር የመሣሪያው ጭረት ጫፍ ጫፉ ይሄዳል። እንደዚያ ተፈትጎ የተበላሸ ሜዳሊያ ሲገጥመኝ በእውነት አዝናለሁ፤ ያደረገው ሰው ሁልጊዜ ዕቃውን የሚወድ ሰው ነው።

የሚፈቀደው ይህ ብቻ ነው፦ ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ወስደው አቧራውን ማራገፍ፣ ሲይዙትም በጥጥ ጓንት ወይም በጠርዙ መያዝ፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ የነሐስ ጠላት ነው። ፎቶውን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ከጢሙ ሥር አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች። አረንጓዴው ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ከነሐሱ ጋር የተዋሐደ ከሆነ ምንም አይደል፤ ዕድሜ ነው። እንደ ዱቄት ፈዘዝ ብሎ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ግን በጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ የሚመጣው የነሐስ በሽታ ነው፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይስፋፋል፣ ነሐሱንም ይቆፍራል። እንዲህ ከሆነ ከመጓዝዎ በፊት እዚያው ለንደን የብረት ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ ይየው።

አዲስ አበባ ለነሐስ መጥፎ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጨው የራቀች ናት፤ በበጋው አየሯ ደረቅ ነው። ችግሩ ክረምቱ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳሊያው ግድግዳ ላይ ወይም በረንዳ አጠገብ ከሚቀመጥ፣ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ጥቂት የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ቢቆይ ይሻላል። ሣጥኑ ከወይራም ሆነ ከሌላ አዲስ እንጨት አይሁን፤ ትኩስ እንጨት አሲድ ያለው ትነት ያወጣል። ፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አይክተቱት፤ አሲድ ከሌለው ወረቀት የተሠራ ካርቶን ይበቃል።

ስለ ዋጋው ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልበል። ለግሮ በጨረታ ቤት እንደ ሮዳን ወይም እንደ ደጋ ሰው የሚሻማበት ስም አይደለም፤ ሜዳሊያዎቹም ከአንድ በላይ ፈስሰዋል። የዳርዊን ስም ግን የሳይንስ ታሪክ ሰብሳቢዎችንም ይጠራል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ፈላጊው ይበዛል። በሕይወት ዘመኑ የፈሰሰ ሆኖ ከተገኘ፣ የግዢ ደረሰኝዎን፣ የት እንደገዙት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍና የለኩትን ልክ ከሣጥኑ ጋር ለአባትዎ ይስጧቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ለሚይዘው ሰው ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚጠቅመው ያ ነው። ደረሰኝ ካልተሰጠዎ ሻጩ ገና እዚያው ገበያ ሳለ ሄደው ያስጽፉት፤ ከየት እንዳገኘውም ይጠይቁት። የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንስተው ከልኮቹ ጋር ቢልኩልኝ ደግሞ ከላይ ካነሣኋቸው ሦስት ደረጃዎች ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ልነግርዎ እሞክራለሁ።